ከላይኛው ከተማ የመጣ አየር

ከመኝታ ቤቱ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳሎን ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ክው አሉ። የሟች ሚስት ግን ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም። ትናንት ቀትር ላይ ባሏን እዚያ ክፍል ጭንቅላቱን ተመትቶ ካገኘችው ወዲህ፣ ገላዋ የሰው ዕቃ ሆኖባታል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴና ይዟል። ለእሷ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢያስሩኝም ይሰሩኝ ብላ ተቀምጣለች።

መርማሪው ከመኝታ ቤቱ ወጣ። የዓይኑ ቆብ ስለሚከብደው ባልደረቦቹ «አንቀላፊው» ይሉታል። በአንድ እጁ ክዳን፣ በሌላው ግማሽ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዟል።

«ትናንት ክፍሉን ማን ጠረገው?»

«እኔ ነኝ፣ በጠዋት» አለች። «ከዚያ ጓሮ ልብስ ሳጥብ ቆየሁ።»

«ይህ ጠርሙስ ነበር?»

«አልነበረም።»

«ቤት የነበረችው እትዬ ብቻ ናት» አለ ዋርሳዋ፣ የሟች ታናሽ ወንድም። ከልጅነቱ እዚሁ ቤት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ በላይኛው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ መካኒክ ነው። «ጋሼን የገደለው መቼም ከሰማይ አልወረደ።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ሥራዬ ላይ። ጠዋትም ከሰዓትም ያዩኝ አሉ። በመኪና ገደሉን ዞሮ እዚህ ለመድረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ዛሬ ነው መርዶ ሰምቼ በአውሮፕላን የመጣሁት።»

«በአውሮፕላንስ ስንት ይፈጃል?» መርማሪው ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ ጭነት አውሮፕላኑ አብራሪ ዞረ።

«ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ትናንት ረፋድም መጥቻለሁ፣ ብቻዬን። ጭነቱ ወርዶ እስክመለስ ከአውሮፕላኑ አልራቅሁም። ተሸካሚዎቹን ይጠይቁ።»

«ጠይቄአለሁ። "ብቻዬን" ካልከው በቀር ሁሉም እውነት ነው።»

ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«ይሄ ትናንት ክዳኑ ጥርቅም ብሎ፣ የታኘከ መስሎ ተጨማዶ ነበር። ፎቶ አንስተነዋል። አሁን ስከፍተው ጮኸና ተነፋ፤ ሰምታችኋል። ላይኛው ከተማ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ጠጥተህ የከደንከውን ጠርሙስ ወደ ቆላ ስታወርደው፣ የኛ ከባድ አየር ይጨፈልቀዋል። ክፍሉ ጠዋት ተጠርጓል፣ ከቀትር ጀምሮ ታሽጓል። በዚያ መሀል ከላይ የመጣው መንገደኛ በመኪና አልደረሰም። የመጣው አውሮፕላን ደግሞ አንድ ነው።»

ወደ አብራሪው ዞረ።

«ካፒቴን፣ እዚህ ማረፊያ ይሠራ የነበረው ሟች፣ መቆጣጠሪያ ማማው ላይ ለሚሠራው አለቃው በስልክ ምን እንዳለው ልንገርህ? ከተጣለ አውሮፕላን የተፈታ አሮጌ ዕቃ ያንተ ሞተር ውስጥ ተገጥሟል። ዛሬ ሊያመለክት ነበር። የገጠመው አጠገብህ ተቀምጧል።»

አብራሪው መካኒኩን አየው። ከዚያ ወንበሩን በቀስታ አራቀ።

«ሴት አለችኝ፣ አይቻት ልመለስ አለኝ» አለ። «ጭነቱ መሀል ተቀምጦ መጣ፣ ተሸካሚዎቹ ሳይደርሱ ወረደ፣ አብሮኝም ተመለሰ። ያለ ፈቃድ ሰው ማሳፈሬ ቢታወቅ እባረራለሁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሞተሩን ግን… በዚያ ሞተር እኮ አብረን ነው የበረርነው።»

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ መካኒኩ። ድምፁ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስላል። «ጋሼ እምቢ አለኝ። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ካቴናው መካኒኩ እጅ ላይ ቀጭ አለ። መርማሪው ወደ ሚስቲቱ ዞሮ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር» አላት።

«እትዬ» አለ መካኒኩ።

ተነሣች። የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ከጠርሙሱ አጠገብ አኖረችው።

«እትዬ፣ ወዴት ነው?»

በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።