ቀዩ ማሰሪያ

አልታዬና ቢያድግልኝ የተዋወቁት በጠብ ነው፤ ያውም በውሻ ጠብ።

የገበያ ቀን ነበር። መካነ ሰላም ካለው የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ሰው በጉን፣ አህያውንና በቅሎውን ይዞ ተኮልኩሏል። አልታዬ ውሻዋን በገመድ ይዛ ለክትባት ተሰልፋለች። ከወግዲ መንገድ ዳር ካለው ቀበሌዋ አንድ ሰዓት ተኩል ውሻ እየመራች የመጣች ልጃገረድ በዚያ አገር ብርቅ ናት፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞር እያለ ያያታል። ከፊቷ የሚያነክስ በግ ይዞ የቆመ ረጅም ወጣትም ዞሮ አያት። የእሱ አስተያየት ግን ረዘም አለ።

«ልታስወጊያት ነው?» አላት።

«አዎ።»

«መርፌ የነካው ውሻ ይፈዛል። ሌባ ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል።»

«ማን ነገረህ?»

«አያቴ።»

«አያትህ ሐኪም ነበሩ?»

ወጣቱ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። አልታዬ ይህን ልብ አለች፤ ልብ ማለቷም አናደዳት።

በዚያ አገር ለውሻ ስም የሚወጣለት ለጎረቤት መልእክት እንዲያደርስ ነው። ፊት ለፊት የማይነገረውን በውሻ ጠርተው ይናገሩታል። ስለዚህ ማን ትባላለች ብሎ ሲጠይቃት «ታዘቢው» አለችው።

«ማንን ነው የምትታዘበው?»

«እንደ አንተ ያለውን።»

የእሱ ውሻ ይሞክረኝ ይባላል። ቤታቸው ከደንቆሮ ጫካ አፋፍ ነው፤ ጅብም ነብርም አይጠፋም። ቡችላው ገና ዓይኑን ሲገልጥ ጆሮው ይቆረጣል፤ ካደገ በኋላ ቀን ቀን ጨለማ ጎጆ ውስጥ ታስሮ ይውላል፤ ከአንድ ሰው እጅ በቀር አይበላም። ዘሩም ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ሌላ ያልተቀላቀለበት ነው። ቢያድግልኝ ይህን ሲናገር የራሱን ዘር የሚቆጥር ይመስል ነበር።

«ታስሮ የሚውል ውሻ ሌባውንም ጎረቤቱንም እኩል ነው የሚጠላው» አለችው። «የኔዋ ሰው ታውቃለች። ሰው የሚያውቅ ነው ክፉውን የሚለይ።»

«ዘር ከሌለው አያያዝ ምን ይሠራል?»

«አያያዝ ከሌለው ዘሩ ምን ይሠራል?»

ተራዋ ደረሰና ገባች። ስትወጣ በጉ ከታከመ ቆይቷል፤ ባለበጉ ግን አልሄደም ነበር።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ተገናኙ። ጨውና ሽንኩርት ለመግዛት የሚፈጀው ጊዜ እየረዘመ ሄደ። ሁልጊዜ ይከራከራሉ፤ ስለ ውሻ ይጀምሩና ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ውስጥ ደግሞ ስለ ውሻ ያልሆነው ነገር ሁሉ አለ። በጥቅምት ይሞክረኝንና ታዘቢውን አገናኙ። ሐሳቡ የእሱ ነበር፤ ዘሩ በእሷ ግቢም እንዲቀጥል ፈለገ። በኅዳር መጀመሪያ ሽማግሌ ላከ።

የአልታዬ አባት አቶ አድማሴ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት። አማቻቸውን ገና ሳያዩት ወደዱት፤ የወደዱትም በውሻው ነው። «ታዘቢው እኮ» ይሉ ነበር፣ «ሌባ ቢመጣ ወንበር ታቀርባለች። አሁን ገና ውሻ የሚባል ውሻ ካለው ሰው ጋር ልዛመድ ነው።»

ልጃቸው ግን ቃል ሳይገባላት እሺ አላለችም።

«ያልተከተበና የታሰረ ውሻ ያለበት ግቢ አልገባም» አለችው። «ነገ ልጅ ይመጣል።»

«አስወጋዋለሁ። እፈታዋለሁም።»

«ለኔ ብለህ ነው?»

«ላንቺ ብዬ ነው። አላመንኩበትም፤ ግን አደርገዋለሁ።»

ይህ መልስ ከማንኛውም ጣፋጭ ቃል ይልቅ ልቧ ገባ። ያላመነበትን ለእሷ ሲል የሚያደርግ ሰው አገኘሁ አለች።

በዚያው ወር ከታቢዎች ወደ እነ ቢያድግልኝ ቀበሌ ወጡ። ለተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ያስሩለታል፤ ለባለቤቱም ወረቀት ይሰጡታል። ቢያድግልኝ ወረቀቱን ይዞላት መጣ። አልታዬ ከአክስቷ ጋር ሄዳ ስታይ፣ ይሞክረኝ ያንን ቀይ ማሰሪያ አድርጎ በግቢው መካከል ተጋድሟል። ሰንሰለት የለም። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ የቢያድግልኝን እጅ ያዘች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደንግጦ ነው ብላ ወደደችው።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አምስት ሳምንት ሲቀረው አቶ አድማሴ ስለ ድግሱ ሊነጋገሩ ወደ አማቻቸው ግቢ ገቡ። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ይሞክረኝ አልጮኸም። ዝም ብሎ መጣና ባታቸውን ነክሶ ለቀቃቸው፤ ከዚያ ወደ ገደሉ ሮጠ፤ በዚያው ጠፋ።

አልታዬ ወሬው ደርሷት እየሮጠች ስትመጣ አባቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። «ውሻ ብሎ ዝም» ይላሉ። ቁስሉን በሳሙና አጠበችው። ከዚያ ቢያድግልኝን ወደ ጎን ወሰደችው።

«ሐኪም ቤት ልውሰዳቸው?»

ውሻው ወደ ሮጠበት ገደል ዞረ።

«ተከትቧል አይደል?»

«ወረቀቱን አይተሻል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

በቃ፣ አባቷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

አገሩ ሁሉ በእሷ ፈረደ። ታስሮ የኖረ ውሻ ካልተፈታ ብላ ያመጣችው ጣጣ ነው ተባለ። እሷም አመነች። «እኔ ነኝ» አለችው ቢያድግልኝን አንድ ቀን፣ እንባዋ እየወረደ። «ትክክል ነበርክ። ታስሮ ቢሆን አባዬን ባልነካቸው።» ቢያድግልኝ ፊቱ አመድ መስሎ ሰማት። አዝኖልኝ ነው አለች።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ጠገገ።

ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው ዳሱ ተጣለ። ጠላው ደርሶ ለአቶ አድማሴ በጣሳ ተቀዳላቸው፤ ቀማሹ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸውና። ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጉሮሯቸው ተንቀጠቀጠ፤ ጣሳውን ከእጃቸው ወረወሩት። ሰው ሳቀ፣ የቀለዱ መስሎት። ውኃ ሲሰጧቸው ግን ውኃውን ገና ሲያዩት ትንፋሻቸው ተቆረጠ።

ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል በባጃጅ ወሰዷቸው። ቢያድግልኝ ደርሶ አብሯቸው ገባ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ገና ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ።

«ውሻ ነክሷቸው ያውቃል?»

«ነክሷቸዋል» አለች አልታዬ። «ግን የተከተበ ውሻ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወረቀቱን አይቻለሁ። ማሰሪያውንም አንገቱ ላይ አይቻለሁ።» ትምህርቷን የሸመደደች ልጅ መስላ፣ በጠራ ድምፅ ነበር የመለሰችው።

ቢያድግልኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆሟል።

«አልተከተበም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ያስወጋሁት የቤታችንን አሮጌ ውሻ ነው። ማሰሪያውን ከእሱ ፈትቼ ለይሞክረኝ አሰርኩለት። እንዳይፈዝብኝ ብዬ።» እያመጠ ነው የሚናገረው። «ከመንከሱ በፊት በጠራራ ፀሐይ ቀበሮ ግቢያችን ገብቶ ከይሞክረኝ ጋር ተናክሰው ነበር።»

«ስጠይቅህስ?»

«ሠርጉ አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። ብነግርሽ ትተይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ቁስሉ ሲድን ደግሞ አለፈ አልኩ።»

አልታዬ ወደ ሐኪሙ ዞረች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «በተነከሱ ዕለት ቢመጡ መድኃኒት ነበረው» አለ ዝግ ብሎ።

አቶ አድማሴ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ለሠርግ የተጣለው ዳስ ለቀስተኛ ተቀመጠበት። ጎረቤቶች ታዘቢው የወለደቻቸውን አራት ቡችሎች በስልቻ ጨምረው ወደ ገደል ወሰዷቸው፤ የእብድ ዘር ነው ብለው። «በሽታው በንክሻ እንጂ በዘር አይመጣም» አለች አልታዬ። ማንም አልሰማትም፤ ደግማ ለመናገርም አቅም አልነበራትም።

አርባው በወጣ ማግስት ሽማግሌዎች መጡ። ፊት ፊት ሸህ ሰዲቅ፣ የአባቷ የዕድሜ ልክ ወዳጅ። ከኋላቸው ቢያድግልኝ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ። በደለኛ እንዲህ ይመጣል፤ ተበዳይ አውርዱለት እስኪል ቀና አይልም። ከስቶ ልብሱ ሰፍቶታል። ከአፋፉ ጀምሮ ተሸክሞት እንደ መጣ ከአንገቱ ቁስል ያስታውቃል። አልታዬ ሮጣ ልታነሣለት ፈለገች። ይህን ፍላጎቷን ጠላችው፤ ግን ነበረ።

«አውርዱለት» አለች።

ሸህ ሰዲቅ በራሳቸው እጅ አወረዱለት። «አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «አብሽሪ። አባትሽም ቢኖር ይህንኑ ያደርግ ነበር። እንግዲህ የተጀመረውስ ነገር? ልጁ እንደሚወድሽ አገር ያውቃል።»

«እኔም እወደዋለሁ፣ ሸህ» አለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሷ ግን ዓይኗን ከቢያድግልኝ አላነሣችም። «ይቅር ብዬሃለሁ፤ የማላገባህም በቂም አይደለም። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ተከትቧል ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። በአባዬ ነፍስ ላይ የመሰከርኩት አንተን አምኜ ነው። ነገ ልጃችን ቢታመምና ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አንተ የነገርከኝን ደግሜ መናገር አልችልም። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቤት አይኖርም።»

ቢያድግልኝ ልመና አልጀመረም። «እውነትሽን ነው» አለ ብቻ።

ሽማግሌዎቹ መርቀዋት ተነሡ። ሲሄድ አላየችውም ቢባል ውሸት ነው። መንገዱ እስኪሰውረው ድረስ በር ላይ ቆማ አየችው፤ አልቅሳም አየችው። ከዚያ ከብቶቹ ውኃ ስላልጠጡ ነድታቸው ወደ ወንዝ ወረደች።