ክፍል አሥራ ሰባት

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። ሐረግ ራሷ የነገረችኝ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መካነ ሰላም። ጉሙ ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም ነበር።

ሐረግ ልብስ ሰፊ ናት። ከአጅባር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አስናቀው የሚባል ሰው "አላገባህም" ብትለው አልሰማ ብሎ፣ በሄደችበት እየተከተለ መድረሻ ቢያሳጣት ነው አገሯን የለቀቀችው። ይህን በከተማው የምታውቅ ጓደኛዋ የሻለም ብቻ ናት።

የሻለም በድምፅ የሚተረክ የፍቅር ልብወለድ በቴሌግራም ላከችላት።

"ስትሰፊ ስሚው። ታለቅሻለሽ።"

ሐረግ አላለቀሰችም። ተናደደች።

ሰውዬው ልጅቷ እምቢ ስትለው ደጇ ላይ ያድራል። ስልኳን ይበረብራል። ደራሲው ደግሞ ይህን ፍቅር ይለዋል። ሐረግ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ብቻዋን ትሳደባለች።

"ይሄ ፍቅር ነው? ማሳደድ ነው እንጂ።"

ግን አታጠፋውም... ድምፁ ነዋ። ለስለስ ያለ፣ ጆሮ ሥር ተጠግቶ የሚያወራ የሚመስል የተራኪው ድምፅ። ሰውዬውን ጠልታ ድምፁን ወደደችው። በዚህም በራሷ ተናደደች።

የዚያን ቀን ክፍል አሥራ ሰባትን ከፈተች።

"ልጅቷ ሩቅ ሄዳ የስፌት ሱቅ ከፈተች" አለ ተራኪው። "በሩን ሰማያዊ አስቀባችው..."

ሐረግ እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

በሯን ሰማያዊ ያስቀባችው ባለፈው ሳምንት ነው።

"ዛሬ አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች..."

ጎንበስ ብላ አየች።

አረንጓዴ።

ወዲያው የሻለም ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

"አንቺ... ክፍል አሥራ ሰባት ምንድን ነው የሚለው?"

"ይጋባሉ። ምነው?"

"የስፌት ሱቅስ?"

"የምን የስፌት ሱቅ? ልጅቷ ነርስ አይደለች እንዴ?"

የሻለም ስልኩን ተቀብላ አየችው። የመጡትን ክፍሎች ወደ ላይ እየገፋች ቆጠረች። ከዚያ በሹክሹክታ...

"እኔ እስከ አሥር ብቻ ነው የላክሁልሽ።"

ከአሥራ አንድ ጀምሮ ያለው በየሻለም ስምና ፎቶ ከተከፈተ ሌላ አካውንት ነበር የመጣው። ሐረግ ጓደኛዋ አዲስ ቁጥር ያወጣች መስሏት ነበር።

"ድምፁ የአስናቀው ነው?" አለች የሻለም።

"አይደለም። የሱን አውቀዋለሁ... ይሄ ከክፍል አንድ ጀምሮ ያው ድምፅ ነው።"

ተራኪው አላቆመም።

"ጓደኛዋ መጣች" አለ። "ስልኩን ይዛለች..."

"አጥፊው" አለች ሐረግ።

አጠፉት። በሩን ቆልፈው ጎረቤት ወዳሉት ጡረተኛ ፖሊስ፣ ወደ ጋሽ በእውቀቱ ሮጡ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉ ጋሽ በእውቀቱ ዱላቸውን እያነሱ። "ሰው ከሆነ እንይዘዋለን።"

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ቁልፉ ከሐረግ እጅ አልወጣም። ቤቱ መስኮት የለውም።

ከፈቱት።

ማንም የለም...

ግድግዳው ላይ ግን ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል። ሐረግ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሱቋ አስገብታ አታውቅም። ወገቡ፣ ትከሻው፣ ቁመቱ... የሷ ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፣ በዓይኗ ታውቃለች።

አንዱ እጅጌ ገና አላለቀም።

ከእጅጌው በክር የተንጠለጠለችው መርፌ... ቀስ እያለች ትወዛወዛለች።