ከየቡ እስከ ጅማ ያቀፍኩት ዲስክ

እኔ ጅን፣ ዛር፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ኮምፒውተር ልማር ጅማ መጥቼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ወይ መብራቱ ነው፣ ወይ ገመዱ ነው፣ ወይ ሰውየው ነው ባይ ነኝ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ቢሆን አላምንም። ግን ይሄኛውን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ፣ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ በቀን ነው።

ያኔ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ቢሮ ባለው አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ነበር የምሠራው። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ ከተማ ላይ መቀበያ ነበረን፣ ገበሬው ቡናውን ሲያስረክብ ስሙና የጆንያው ቁጥር እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ የገባው ሁሉ ደግሞ ሎግ ዲስክ በምንለው በሌላ ትንሽ ዲስክ ላይ ተጠራቅሞ ተራውን እየጠበቀ በመስመር ወደ ጅማው ኮምፒውተር ይላካል፣ ጅማ "ደርሶኛል" ሲል የደረሰው ከሎግ ዲስኩ ላይ ይጠፋል፣ ካልደረሰ ግን ንቅንቅ አይልም። የእኔ እንጀራ ያ ዲስክ እንዳይሞላ መጠበቅ ነው፣ እናቴ "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?" ስትለኝ "ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ" እላት ነበር።

አንድ ዓመት፣ የቡና ለቀማ አልቆ ያለ ወቅቱ ዝናብ ሲጥል፣ መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ኬብላችንን በጠሰው፣ ሎግ ዲስኩም ይጠራቀምበት ጀመር፣ ይሄ ሳያንስ መብረቅ የየቡውን ኮምፒውተር መታውና ዋናው ዲስክ ተቃጠለ፣ የተረፈው ሎግ ዲስኩ ብቻ ነው። ጠዋት የቡ ስደርስ አባ ዋሪ በር ላይ ቆመዋል። አባ ዋሪ ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅመው፣ በእጃቸው እያገላበጡ አድርቀው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናቸው ለብቻው እንዲሸጥ ያስረከቡ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆንያዎቹ ጅማ መጋዘን ገብተዋል፣ የገዢው ቀማሽ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ይመጣል፣ የትኛው ጆንያ የእሳቸው እንደሆነ የሚያውቀው ግን ያ ዲስክ ብቻ ነው። ካልተገኘ ከሌላው ጋር ይደባለቃል፣ የዓመት ልፋታቸው በቃ፣ ውሃ በላው።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቡናዬ ጠፋ?" አሉኝ።

"አልጠፋም አባ ዋሪ፣ እኔ ራሴ አደርስልዎታለሁ" አልኳቸው፣ በሆዴ ግን፣ መብረቁ ሎግ ዲስኩንም ነክቶት ቢሆንስ?

ዲስኩን ፈትቼ በሻርፔ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ልብ በሉ፣ ገመድ የለው፣ መብራት የለው፣ ያው ቁራጭ ብረት ማለት ነው። ዝናቡ ወረደ፣ መስኮቱ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፈነ፣ ትንሽ እንደሄድን ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ የመኪናው ነው ብዬ ተውኩት፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ አለ፣ ከዚያማ ጭራሽ ያለማቋረጥ ይንጣጣ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ወደ ጭኔ አዩና፣

"ጫጩት ነው እንዴ የያዝሽው?" አሉኝ።

"ኧረ የኮምፒውተር ዕቃ ነው እማማ።"

"ታዲያ ምን ያንጫጫዋል? ርቦት ይሆናል" ሲሉ ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን እጄን ሻርፑ ላይ ባሳርፍ፣ ሞቋል፣ ሥራ ላይ እንዳለ ዲስክ ሞቋል፣ ውስጡም ይርገበገባል። ጅማ ልንገባ ስንል ጸጥ አለ፣ ቀዘቀዘም።

ቢሮ ስገባ ባልደረባዬ ነጂብ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። "ኬብሉ ተጠገነ አይደል! ከየቡ መዝገቡ ሲገባልኝ ነበር እኮ፣ አሁን ገና ጨረሰ፣ የአባ ዋሪም አለ፣ አልሐምዱሊላህ!"

"ከየትኛው የቡ? ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ዲስኩ ይኸው እኔ እጅ ላይ ነው!"

"ተይ አቦ!"

ደወልን። ኬብሉ እንደተበጠሰ ነው፣ ጠጋኞቹ ዝናቡ እስኪያባራ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ዲስኩን ሰካነው፣ ባዶ። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ ጤነኛ ነው፣ ልክ "ደርሶኛል" የሚል መልስ እንዳገኘ ሁሉ አንድ ሳይቀር ተጠርጓል። ነጂብ "ቢስሚላህ" ብሎ ዲስኩን በእስክርቢቶ ጫፍ ከራሱ ራቅ አደረገው፣ እንደዚያ ፈርቼም ሳቄ መጣ።

የአባ ዋሪ ጆንያዎች ተለይተው ወጡ፣ ቀማሹ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ ለብቻው ይሸጥ አለ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሳምንቱ አባ ዋሪ ማር በጀሪካን ይዘው ቢሮ ድረስ መጡ።

"ጋላቶሚ ኢንታላ ኮ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ያደረስሽልኝ አንቺ ነሽ" ብለው ሁለቱንም እጆቼን ያዙኝ። እኔ አይደለሁም ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ታዲያ ማን ነው ቢሉኝስ ምን ልመልስ ነው? ማሩን ተቀበልኩ። ቤቴ ገብቼ ስከፍተው፣ ለምን እንዳደረግሁት እንጃ፣ የመጀመሪያውን ማንኪያ "ላደረሰው" ብዬ በሳህን አድርጌ መስኮቱ ላይ አኖርኩና በራሴ እየሳቅሁ ተኛሁ።

ጠዋት ሳየው ማሩ እንዳለ ነው። ጅማ ውስጥ፣ ክፍት መስኮት ላይ ያደረ ማር፣ አንዲት ጉንዳን አልነካችውም።