ወደ ነፋሱ የተውለበለበው ጋቢ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባይሆን ደስ ባለኝ... ግን ሆኗል።

የነገረኝ አብራሪው ሽታሁን ነው። ሽታሁን እንኳን ሊዋሽ፣ ሰው ሲቀልድ እንኳን አስረድታችሁት ነው የሚስቀው። ስለዚህ እንደነገረኝ አድርጌ ነው የምነግራችሁ።

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ መጋቢት ውስጥ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ፀሐይዋ ወለል ብላለች። ጨለማ የለም፣ ጫካ የለም...

ሽታሁን በዚያ ሰሞን ቢቸና አካባቢ አንበጣ ላይ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን ያበር ነበር። የምትይዘው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ያን ቀን ከኋላው የተቀመጠችው ሀሲና ናት፤ ቢቸና የምትሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የሞጣ ልጅ። ጭኗ ላይ የበረዶ ሳጥን አቅፋለች። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ከረጢት ደም አለ።

ደሙ ለታላቅ እህቷ ለዓሊማ ነው። ዓሊማ ሞጣ ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላ ደሟ አልቆም ብሏል። መንገዱን ደግሞ የተገለበጠ የጭነት መኪና ዘግቶታል። ሐኪሙ በስልክ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እስከ አስር ሰዓት ድረሱ።»

ሞጣ ላይ የሚያርፉበት ሣር ሜዳ ነው። የነፋስ ማሳያ ጨርቅ ተሰቅሎለት ነበር፤ በሳምንቱ አንዱ ወስዶት ምን እንዳሰፋበት አይታወቅም። ስለዚህ አውሮፕላን ሲመጣ ጠባቂው ጋሽ ፋንታ ከብቱን ያባርሩና ጋቢያቸውን ረጅም እንጨት ላይ አስረው ሜዳው ዳር ይቆማሉ። አብራሪው ጋቢው ወዴት እንደሚውለበለብ አይቶ ይወርዳል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ነፋስ ከጎን ሲመጣ፣ በመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ከተሳሳታችሁ ከክንፉ ሥር ገብቶ ይገለብጣችኋል። ላይ ያለው ነፋስ ደግሞ መሬት ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። የሚታመነው ጋቢው ብቻ ነው።

ሞጣ ሲደርሱ ነፋሱ አውሮፕላኗን ሰፌድ ላይ እንዳለ እህል ያንገዋልላት ነበር።

ሜዳው ዳር ነጭ ጋቢ ታየ። ወደ ቀኝ ተወጥሮ ይውለበለባል። ነፋሱ ከግራ ነው ማለት ነው።

ሽታሁን የግራውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ ወረደ...

መሬት ሊነኩ ትንሽ ሲቀራቸው የቀኙ ክንፍ ብድግ አለ። የግራው ሣሩን ሊነካ አንድ ክንድ ቀረው። ሽታሁን ሞተሩን አጮኸና እንደምንም ተነሡ። በማዳመጫው ውስጥ ሀሲና ቁርኣን ስትቀራ ይሰማዋል።

ዞሮ በሜዳው ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ።

ጋቢው አሁንም ወደ ቀኝ ነው።

አቧራው ግን... ወደ ግራ ነበር የሚሄደው።

«ዓይኔ ነው» አለ ለራሱ።

ከዚያ ሌላም ነገር አየ። ከብቶቹ አልተባረሩም። ሜዳው ዳር እንደቆሙ ናቸው። ጋቢው ባለበት ዙሪያ ግን አንድም ከብት የለም።

ጋቢውን የያዘው ሰውም አንዴም ቀና አላለም። አውሮፕላን በራሱ ላይ እያለፈ ቀና የማይል ሰው አይታችሁ ከሆነ እስቲ ንገሩኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሦስት።

«ካፒቴን...» አለች ሀሲና በሹክሹክታ። «ከብቶቹን ይዩ።»

«ምናቸውን?»

«ከብት ነፋስ ሲበረታበት ጀርባውን ነው የሚሰጠው። እዚሁ ነው ያደግሁት፣ አውቃለሁ።»

አየ። ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡት ወደ ቀኝ ነው።

«ጋቢውስ?»

እንደገና መቅራት ጀመረች።

«ሀሲና፣ ጋቢውስ?»

«እሱን አይዩት...»

ፈራ። አልደበቀኝም። እዚያ ማረፍ ከጀመረ ጀምሮ ያመነውን ጋቢ ትቶ ከብት አምኖ ሊወርድ ነው።

የቀኙን ክንፍ ዝቅ አደረገ...

በአንድ ጎማ ነካ... ከዚያ በሌላው... ቆሙ።

ዞር ሲል ሜዳው ዳር ማንም አልነበረም።

ጋሽ ፋንታ ከወዲያ ማዶ ከሰፈሩ በኩል እያለከለኩ መጡ። ጋቢያቸው ተጣጥፎ ትከሻቸው ላይ ነው።

«ይቅር በለኝ ልጄ። እንጨቱ ተሰበረብኝና ሌላ ፍለጋ ሰፈር ገብቼ ነበር።»

«ታዲያ እዚያ የቆመው ማን ነው?»

«የት?»

ሽታሁን በጣቱ አሳያቸው። ጋሽ ፋንታ ቦታውን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ብብታቸው ውስጥ ወሸቁት።

«በሉ ደሙን አድርሱ» አሉ።

በባጃጅ በረሩ። ለአስር አምስት ጉዳይ ደረሱ። ዓሊማ ተረፈች። ሀሲና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሽታሁንም አብሯት አለቀሰ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር...

በዘጠነኛው ቀን ዓሊማ ከሆስፒታል ስትወጣ ሽታሁን ሊጠይቃት ሄደ። ያን ቀንም ነፋስ ነበር። የባጃጁ መጋረጃ፣ የሀሲና ሻርፕ፣ እሷ ያቀፈችው ሕፃን የተጠቀለለበት ፎጣ ጫፍ... ሁሉም ወደ ግራ ይውለበለባል።

ዓሊማ በሩ ላይ ብቅ አለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች።

ነጠላዋ ወደ ቀኝ ነበር።

«እንኳን አላህ አተረፈሽ» አላት ሽታሁን።

ቀና ብላ አላየችውም።

ሽታሁን ወደ ሀሲና ዞረ። ሀሲናም አይታለች። ልጁን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እኔ ልያዘው... ደክሞሻል» አለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

ዓሊማ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። እናቱ ናት፤ ምን ይባላል? ሀሲና ሰጠቻት።

የፎጣው ጫፍ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ... ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ዞረ።