ከመጽሐፉ የቀረችው ሙሽራ

ፎቶ አንሺው የስድስት ዓመት ሥራውን በአንድ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ከማተሚያ ቤት የሙከራ ቅጂው በመጣ ዕለት፣ ልብስ ሰፊዋ እጇን ታጥባ ገለጠችው። ፎቶዎቹ የልብስ ማስታወቂያ ቢሆኑም ቲያትር ነው የሚመስሉት፤ ጣሪያ ላይ እራት የሚበሉ ንግሥቶች፣ በዝናብ ፒያኖ የሚገፉ ሴቶች። ልብሶቹን በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት።

አንዲት ፎቶ ግን የለችም። ሞዴሏ ታማ የቀረች ቀን፣ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ቬሎውን ለብሳ፣ ውሃ በሞላ አዳራሽ ውስጥ ጀልባ ላይ ቆማ ነበር። ያን ቀን ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አያት። ፍቅራቸው የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«የጀልባዋስ?» አለችው።

«ገጹ ሞላብኝ።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ለአንድ ጥንድ ጫማ አራት ገጽ ሰጥቶ ገጽ ሞላ? «አፈረብኝ» አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ ምኑም አላምር አላት። ስልክ ሲደወልለት ወደ ኮሪደር ይወጣል። የት ነበርክ ስትለው ወሬ ይቀይራል። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ከእናቷ ቤት ሲወጣ አየችው። ለእናቷ ገና አላስተዋወቀችውም። ግድግዳ ተከልላ አሳለፈችውና ገባች።

«ማን መጥቶ ነበር፣ እማዬ?»

«ማንም።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ። «ማንም የሚባለው ሰውዬ ሻይ ይጠጣል እንዴ?»

እናቷ ቀሚሷን አስተካከለች። «መጀመሪያ የመጣው ስለ ፎቶሽ ሊያስፈቅደኝ ነው። ሳታገባ ቬሎ ለብሳ አገር ካያት ማን ያገባታል ብዬ፣ ከመጽሐፉ እንዲያስቀረውም እንዳይነግርሽም አስማልኩት። ዛሬ ደግሞ እኔው ላግባት ብሎ መጣ።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ተነስታ ስቱዲዮ ሄደች።

«ያፈርክብኝ መስሎኝ ስንት ቀን ተቃጠልኩ። ለካ ዋሽተኸኝ ነው።»

«ለእናትሽ ምዬላቸው...»

«ጀልባው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። የምታገባውም እኔን ነው። ሁለታችሁ ስትመክሩብኝ እኔ የት ነበርኩ?»

«አጥፍቻለሁ» አለ። «አሁን ልጠይቅሽ?»

«ስለ ፎቶው ጠይቀኝ።»

«ትግባ?»

«ትግባ።»

«ሌላውስ?»

«እሱን አይቼህ እነግርሃለሁ።»

መጽሐፉ ሲወጣ እናቷ አኮረፈች፤ በወሩ ግን ያንኑ ገጽ ለጎረቤት ስታሳይ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። ልጅቷ ግን አልቸኮለችም፤ አራት ወር ሙሉ በዓይነ ቁራኛ ተከታተለችው። እሱም ስልኩን እፊቷ ያነሳል፣ ራስ ምታቱን ሳይቀር ይነግራታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ እላዩ ላይ እየሰፋችለት ነበር። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ ከደረቱ ቀና ሳትል፣ «እሺ» አለች።

«ምኑን?»

«የጠየቅከኝን ነዋ።»