የጠዋቷ አስታማሚ

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ጨው እንኳ አልጨመርኩበትም።

ዘመኑ 1958፣ ቦታው አስመራ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ፀሐይ ፍጥጥ ብላ እያየች።

የሓዝሓዝ ሰፈሯ ኣስካሉ መረቅ ይዛ ሆስፒታል ገባች። ባሏ ሀብተማርያም ሆዱን ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተኝቷል። ኣስካሉ እንደሆነች ቀናተኛ ናት። ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ለማስቆም እጁን ቢያነሳ እንኳ፣ ለማን ነው የምትል።

ማንኪያውን ስታስጠጋለት ፊቱን አዞረ።

"ጠግቤያለሁ።"

"ማን አበላህ?"

"አንቺ ነሻ... ጠዋት።"

ጠዋት እሷ ገበያ ነበረች።

ጎንበስ ብላ አየችው። ፀጉሩ ተበጥሯል። ጥፍሩ ተቆርጧል። አንገቱ የእሷኑ ሳሙና ይሸታል... ሳጥን ውስጥ የቆለፈችውን።

ነርሷን ጠረጠረች። ነርሷ ግን ጥርስ የሌላት አሮጊት መነኩሲት ሆና ተገኘች።

በማግስቱ ባሰ። ሳትጠይቀው፣ የጠዋቷ አንቺ ከአሁኗ ትሻላለች አላት። ያቺ አትጨቀጭቅም። ቁስሉን ስትነካው እንኳ አያመውም።

ኣስካሉ በሰው ስትቀና ኖራለች። በራሷ ስትቀና ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

ዛሬ ይለይልናል ብላ በሚቀጥለው ቀን በማለዳ ከች አለች። ዘበኛው ዘርዓይ በር ላይ አገዳት። ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቀደው።

"አስታማሚዋ እኔ ነኝ።"

"እወ፣ ቅድም አስገብቼሽ የለ?" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ... "በየት ወጣሽ?"

ገፍታው ገባች።

አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ተነጥፏል።

መነኩሲቷ ስታያት ደነገጠች። ሀብተማርያም ድኖ መውጣቱን፣ ሚስቱም ደግፋ በጓሮ በር አውጥታ በታክሲ እንደወሰደችው ነገረቻት። ተናግራ ሳትጨርስ አማተበች።

ኣስካሉ እስከ ሓዝሓዝ በእግሯ በረረች። የቤቷ ቁልፍ አልዞር አላት።

አንኳኳች...

ሀብተማርያም ከፈተ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። አየት አደረጋትና፣

"ማንን ፈልገው ነው?"

አንቱ አላት... የገዛ ሚስቱን።

ከኋላው አንዲት ሴት ብቅ አለች። ነጠላዋ የኣስካሉ። ፊቷም የኣስካሉ። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ፣ በር ላይ የቆመችውን ከእግር እስከ ራስ ገረመመቻት።

"ማናት ደግሞ ይህቺ?" አለችው በሹክሹክታ፣ ጥርሷን ነክሳ።

"እንጃ... ሆስፒታል ትመላለስብኝ ነበር።"

ሴትየዋ ጎትታ አስገባችው። በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ።

መጋረጃው ግን ትንሽ ገለጥ አለ።

አንድ ዓይን... በቅናት የቀላ ዓይን... ኣስካሉ እስክትሄድ ይጠብቃል።