በሩ የቆጠራቸው

ሐሙስ ጠዋት የሺመቤት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፣ ሻይ ጣደች፣ ያረመቻቸውን የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተናዎች በላስቲክ አስራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ የመስኮቱን ጠርዝ አንጥቶት ነበር። ከሳሎን የቀለጠ እርሳስና የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ይመጣል፤ ልጇ ትርሲት ለሴሚስተር ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ከመጣች ወዲህ የምግብ ጠረጴዛው የእሷ መሥሪያ ሆኗል። የተፈታታ ሬዲዮ፣ የአሮጌ ፕሪንተር ሆድ ዕቃ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች፣ በመካከላቸው የተረሳ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ።

«እማዬ፣ ስትወጪ ቀስ ብለሽ እለፊ» አለች ትርሲት ቀና ሳትል። «ቁጥሩን ማየት ፈልጌ ነው።»

በመውጫው በር መቃን ላይ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ ትርሲት ከሁለት ዓመት በፊት የሠራችው የብስኩት ጣሳ በምስማር ተመትቷል። ጣሳው ሁለት ዓይኖች አሉት፤ ሰው የማያየው ብርሃን ወደ ማዶው መቃን ይልካሉ። የውጪው ብርሃን ቀድሞ ሲቋረጥ ሰው ገባ ብሎ አንድ ይደምራል፤ የውስጡ ቀድሞ ሲቋረጥ ሰው ወጣ ብሎ አንድ ይቀንሳል፤ በሁለቱም ጊዜ ጠረጴዛ በጥፍር እንደመምታት ያለ ድምፅ ያሰማል። ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ የቤቱን መብራት ያጠፋል። የሠራችው ለአባቷ ለአሰግድ ነበር። አሰግድ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ የአገሩን መሬት በስንዝር ሲለካ ውሎ መብራት ማጥፋት የሚረሳ ሰው።

«እኔን እንደ በግ ልትቆጥሪኝ ነው?» ብሏት ነበር ያን ጊዜ።

«በግማ ቢሆን እስከ አሁን ይለምድ ነበር» አለችው፤ ሦስቱም ሳቁ።

አሰግድ በዚሁ ቤት፣ በገዛ አልጋው ላይ ከሞተ አምስት ወሩ ነው።

የሺመቤት ወጣች። ጣሳው ጠቅ አለ። ትርሲት ከኋላዋ መጥታ አጎንብሳ ቀዩን ቁጥር አየች። ቤት ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ይላል።

«ለካ ለዚህ ነው መብራቱ የማይጠፋው» አለች።

የሺመቤት መብራቱ እንደማይጠፋ አምስት ወር ሙሉ ታውቃለች። ባዶ ቤት ቆልፋ ሄዳ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮሪደሩ በርቶ ሲጠብቃት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ትቆማለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ትርሲት ስህተቱን ደርሳበታለች። ሽቦ እየጠቀለለች፣ መልሳ እየፈታች ቆየች።

«አባዬ በእግሩ ገባ፤ በእግሩ አልወጣም» አለች በመጨረሻ። «በትከሻ ነው ያወጡት። ሳጥኑ ከብርሃኑ በላይ አለፈ። ማሽኑ የተሸከሙትን ቆጥሯል፤ እሱን ግን አልቆጠረውም።»

«ስህተት ነው እንግዲህ።»

«ስህተት ነው። የገረመኝ ሌላው ነው። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሁለትና ሦስት ሆኖ ተጣብቆ ሲገባ ሲወጣ፣ መቶ ጊዜ መሳሳት ነበረበት። የተሳሳተው ግን በአንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ እናቷ ተመለከተች። «አሁን ላስተካክለው?»

«ተይው። ሌላ ቀን።»

ዓርብ ዕለት ትርሲት አዲስ ጣሳ ሠርታ በእናቷ መኝታ ቤት በር ላይ ሰቀለች። የጻፈችው ፕሮግራም ጉድለት እንዳለው ለመፈተን ነው አለች፤ የሺመቤት ግን ልጅቷ ማንን ለማሳመን እንደምትደክም ገብቷታል። አዲሱ ጣሳ ቀብሩን አላየም። ከዜሮ ጀመረ። እናት ስትገባ አንድ፣ ስትወጣ ዜሮ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም።

ቅዳሜ ረፋድ ሁለቱም ሳሎን ነበሩ። የሺመቤት ፈተና ታርማለች፣ ትርሲት ትበይዳለች፤ ከብየዳው ብረት ጫፍ የሚነሣው ጭስ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይጠመዘዛል። ከኮሪደሩ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱም ቀና አሉ። ትርሲት ተነሥታ ሄዳ የመኝታ ቤቱን ቁጥር አየች፤ ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«አንድ ይላል። ፀሐይዋ ዓይኑን አሳስታው ይሆናል።»

መጋረጃውን ዘጋች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠቅ አለ፤ ከዚያም የኮሪደሩ ጣውላ፣ አንድ ሙሉ እርምጃና አንድ የሚጎተት፣ አንድ ሙሉና አንድ የሚጎተት፣ ግራ እግሩ እንደሚከብደው ሰው፣ እስከ ሳሎኑ በር ድረስ እየተሰማ መጥቶ ቆመ። በሩ ላይ ማንም የለም። ዝናብ የመታው የሱፍ ካፖርት ሽታ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከሽታው ሥር ደግሞ አሁን የተቆፈረ አፈር ሽታ ነበረ። የሺመቤት ቀይ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ሳታነሣ ቆየች፤ በአንድ ተማሪ መልስ ላይ የቀለም ነጥብ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄደ። ባሏ በሕይወት ሳለ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር።

ሌላው ቀርቶ ለልጇም ያልነገረችው ነገር አለ። ጎህ ሲቀድ በእሱ በኩል ያለው ብርድ ልብስ ሰው እንደተኛበት ጎድጉዶ ታገኘዋለች። እጇን ብትሰድ ፍራሹ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ እጇን ግን አታነሣም። አንዳንዴም ትንፋሽ ትሰማለች። ወደ ውስጥ የሚሳብ ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚሳብ፤ ከዚያም ሌላ። ተመልሶ ሲወጣ አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

እሁድ የሺመቤት ከገበያ ስትመለስ ትርሲትን ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሻንጣዋ ለነገው ጉዞ ተዘጋጅቶ አጠገቧ ነበር።

«አንቺ ሳትኖሪ ከኋላዬ ቆሞ ሥራዬን ሲያይ ነበር» አለች። «አባዬ ያደርገው እንደነበረው። በመጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን እማዬ፣ አይተነፍስም። ይስባል እንጂ አይመልስም።»

«ደክሞሽ ነው፣ ትርሲዬ።»

«ሰምተሽዋል አይደል?»

የሺመቤት የያዘችውን ዘንቢል አስቀመጠች። «ሰምቼዋለሁ።»

«አባዬ አይደለም እኮ። ቤቱ አንድ ሰው ይጎድለኛል ይላል፤ ቦታውን ሊይዝ የመጣ ነገር ነው። ከዚህ ጋር ጥዬሽ አልሄድም። ትምህርቱ ይቅር።»

ትርሲት በልጅነቷም እንዲህ ነበረች፤ ያለችውን አትመልስም። የሺመቤት አሰግድ ታሞ ሳለ ይህች ልጅ ያጣችውን ሴሚስተር አስታወሰች። ሁለተኛ ልታሳጣት አትችልም።

«አስተካክይው እንግዲህ» አለች።

ትርሲት የበሩን ጣሳ ክዳን ከፈተች። በሽቦዎቹ መካከል ከምስር የማትበልጥ ጥቁር ቁልፍ አለች። ቀዩ ቁጥር ሦስት ይላል።

«አንዴ ሲጫኑት አንድ ይቀንሳል። አንቺ ተጫኚው። እኔ ብነካው ዕድሜ ልክሽን ታኮርፊኛለሽ።»

«ማን እንደሚወጣ አይጠይቅም?»

ትርሲት ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ማሽን ስም ምን ያውቃል፣ እማዬ? ቁጥር ነው የሚያውቀው።»

የሺመቤት ጣቷን ቁልፏ ላይ አደረገች። ሂድ ለማለት አሰበች። በቀብሩ ቀን፣ በአርባው፣ በየሌሊቱ ልትለው ሞክራ ያልወጣት ቃል ነበር፤ አሁንም በልቧ እንኳ ሊወጣት አልቻለም። የመጣላት ሌላ ነው፤ ብርድ ልብሱ ላይ ያለው ጉድጓድ፣ ቀዝቃዛውም ቢሆን። ዓይኗን ጨፍና ተጫነች። ጣሳው ጠቅ አለ። ቁጥሩ ሁለት ሆነ።

ትርሲት አቀፈቻት። የፀጉሯ ሽታ ሙጫና ሳሙና ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሺመቤት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ ጣደች። የመውጫው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው፤ ሻንጣው ከበሩ ሥር ቆሟል፣ የትርሲት ጫማዎች አጠገቡ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የትርሲት አልጋ ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ አንዲት እጥፋት እንኳ የለም። የሺመቤት ስሟን ጠራች፣ ጓዳውን ከፈተች፣ መታጠቢያ ቤቱን አየች፣ ተመልሳ በሩ ዘንድ ሄዳ አጎነበሰች። ቁጥሩ ሁለት ይላል። ከዚያ ከመኝታ ቤቷ በር ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ፤ የኮሪደሩ ጣውላ እርምጃውን እየቆጠረ ወደ እሷ ሲቃረብ፣ ዞራ ሳታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹ በእርጋታ ሲወጣ አንገቷ ላይ ተሰማት፤ ሞቃት ነበር፣ ሙጫና ሳሙናም ይሸታል።

ማሽኑ አልተሳሳተም። በቤቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ትርሲት አልነበረችም።